አራቱ ሣጥኖች ቆዳ ሲቀይሩ

እናቴ ሌባ መሆኗን ያወቅሁት በስምንት ዓመቴ፣ አንድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ነው።

ደጃፉ ላይ ተቀምጬ እርሳሴን እየቀረጽኩ ነበር። እናቴና አጎቴ የእጅ ጋሪ እየገፉ በመንገዱ ጥግ ብቅ አሉ። ጋሪው ላይ አራት ትልልቅ ነገር ተጭኖ ከላዩ የሳሎናችን ምንጣፍ ተደፍቶበታል። የሳሎናችን ምንጣፍ! እኔ በጫማ ስረግጠው የምቆነጠጥበት! እናቴ ላብ በላብ ሆና ግራና ቀኟን ታያለች። ገና ከሩቅ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «በሩን ክፈቺ! ቶሎ በይ፣ ሰው ሳያየን!» አለችኝ።

ሰው ሳያየን። ሰው ሳያየው መግባት ያለበት ዕቃ ምን ዓይነት ዕቃ እንደሆነ የስምንት ዓመት ልጅ አይጠፋትም።

ምንጣፉ ሲገለጥ የድምፅ ማጉያ ሣጥኖች ናቸው፤ ስፒከር የምንላቸው፣ በየጎናቸው መያዣ ያላቸው፣ ከቦታ ቦታ የሚዞሩት። ቁመታቸው እስከ አገጬ ይደርሳል። ግን ምን ያደርጋል፣ ዓይን አይጥላቸው የሚባሉ አልነበሩም፤ ዓይን እራሱ ይሸሻቸዋል። ጥቁሩ የሌዘር ልብሳቸው ማዕዘን ማዕዘኑ ላይ ተልጦ እንጨቱ ገጥጧል። አናታቸው ላይ የብርጭቆ ቂጥ ክብ ክብ ምልክት ትቷል፤ ሲጋራ የተተረኮሰባቸውም አሉ። የፊታቸው ጨርቅ ተተርትሮ ተንጠልጥሏል። ከኋላቸው ደግሞ፣ ሌዘር ባልለበሰው እንጨት ላይ፣ በነጭ ቀለም የተጻፈ ነገር አለ። ያን ጊዜ ማንበብ አዲስ ስለሆነብኝ የሳሙና መጠቅለያ እንኳ ሳላነብ አላልፍም። ጮክ ብዬ አነበብኩት።

«የአዳራሹ ንብረት። ቁጥር ሠላሳ አራት።»

«እሰይ የኔ አንባቢ!» አለ አጎቴ።

እናቴ ግን «ዝም በይ አንቺ፣ ጎረቤት ይሰማል» ብላ በሩን ቀረቀረችው።

ትልቅ ሰው ሆኜ ስጠይቃት ምንጣፉን ያለበሰቻቸው አፍራ እንደነበር ነገረችኝ፤ ሴትዮዋ ደግሞ ውዳቂ መልቀም ጀመረች እንዳትባል። ሣጥኖቹ የአባቷ ነበሩ። አያቴ ዕድሜ ልካቸውን የአዳራሹ ድምፅ ሠራተኛ ሆነው ኖረዋል፤ እንጨቱን ያገጣጠሙትም እሳቸው ናቸው። አዳራሹ ግን ወንበሩንም መጥረጊያውንም ሳይቀር ቁጥር የሚጽፍ አዳራሽ ስለነበር የሳቸውንም ሣጥን ቁጥር ለጠፈበት። ይህን ሁሉ ያኔ ማን ነገረኝ? እኔ የማውቀው የአዳራሹ ንብረት እኛ ቤት፣ ከኔ አልጋ አጠገብ መቆሙን ነው።

እሑድ ጠዋት ሥራ ተጀመረ። እናቴ ልብስ መተኮሻውን ካውያ አሙቃ፣ እርጥብ ጨርቅ ሣጥኑ ላይ ዘርግታ ትተኩሳለች፤ የድሮው ኮላ ሲለሰልስ አጎቴ በጉጠት ሌዘሩን ይይዝና ይገሽልጠዋል። ቤቱ በተቃጠለ ጎማ ሽታ ታፈነ። አጎቴ ጫማ ሠሪ ነው፤ የእናቴ ታናሽ። አፉም እጁም አያርፍም።

«እታለም፣ መጀመሪያ ቁጥሩን አጥፊው» አላት። «ሥራ አስኪያጁ እሱን ካየ አለቀልን።»

«ካወቃቸውስ?»

«እንኳን እሱ፣ የወለደቻቸው እናታቸው ብትመጣ አታውቃቸውም! እኔ ነኝ የምልሽ።»

«አንተማ ሁሌ እንዳልክ ነው።» እናቴ ካውያውን አስቀምጣ ግንባሯን በክንዷ ጠረገች። «ይሄ ካልተሳካ የነገ ሳምንት ሰኞ የፋብሪካው አውቶቡስ ላይ ነኝ፤ ተመዝግቤያለሁ። እንደ አምናው ልጄን በሦስት ወር አንዴ ማየት ነው።»

አጎቴ ከሳህኔ ላይ ዳቦዬን ቆርሶ ጎረሰ። ዓይኔን አፍጥጬ ሳየው ሳቀና «ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል አሉ!» አለኝ።

በቃ። በገዛ አፉ ተናገረ።

አምና እናቴ ፋብሪካ ስትሄድ አክስቴ ቤት ነበር የተቀመጥኩት። አክስቴ ክፉ አልነበረችም፤ ግን ፀጉሬን ስትሠራኝ ከሌላ ሰው ጋር እያወራች ነው። ማታ ማታ የእናቴን ሻርፕ ትራሴ ውስጥ ከትቼ እተኛ ነበር። ስለዚህ ሁለት ነገር ተደራረበብኝ። አዳራሹ ካወቀ እናቴን ፖሊስ ይወስዳታል፤ ነገሩ ካልተሳካ ፋብሪካው ይወስዳታል። ከልጅነቴ ጀምሮ ለጭንቀት የተፈጠርኩ ነኝ፤ ለአገር የሚበቃ ሐሳብ ለብቻዬ አስባለሁ። አስቤ አስቤ አንድ ነገር ወሰንኩ። ሌባ ብትሆንም እናቴ ናት።

«እኔም ልርዳችሁ» አልኩ።

እናቴ በደስታ ሳመችኝና የብርጭቆ ወረቀት ቆርጣ እንጨት ላይ ጠቅልላ ሰጠችኝ። «ከእንጨቱ መስመር ጋር እንጂ አቋርጠሽ አትፈግፍጊ፤ ጭረቱ በኋላ በቆዳው ላይ ይወጣል» አለችኝ። እኔ ስለ ጭረት ምን አገባኝ! ቀጥታ ወደ ቁጥሩ ሄድኩ። ሦስቱ ላይ ቁጥሩ ቀለም ብቻ ስለነበር ተፍቆ ዱቄት ሆነ። አራተኛው ላይ ግን ያ ሠላሳ አራት ከቀለሙ ሥር በጋለ ብረት ተተኩሶ እንጨቱ ውስጥ ሰርጎ ገብቷል። ጣቴ እስኪደማ ፈገፈግኩት። ምስክር እያጠፋሁ መሆኔ ነው።

«ምነው እንደ ትንኝ ተጣበቅሽበት?» አለ አጎቴ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ትንኝ ሆኖ ቀረ።

የተጎዱትን ማዕዘኖች እናቴ ሰጋቱራ በኮላ ለውሳ እንደ ሊጥ ትሞላቸዋለች፤ ሲደርቅ እኔ እፈገፍጋለሁ፤ ጎዶሎ ካለ እንደገና። ለስላሳ መሆኑን በእጇ አይደለም የምታውቀው፤ ዓይኗን ጨፍና ጉንጯን ታስጠጋበታለች። «እጅ ይዋሻል፣ ሥራ አደንድኖታል» ትለኝ ነበር። የተተኮሰውንም ቁጥር ሞላችው። ሲደርቅ ግን ሟሽሾ ጎደጎደ። ሦስት ጊዜ ሞላችው፣ ሦስቴም ጎደጎደ።

ማክሰኞ ጨርቅ ፍለጋ ሄድን። የሣጥኑን ፊት የሚሸፍነው ጨርቅ ድምፅ ማሳለፍ አለበት፤ ይህን ዛሬ አውቃለሁ። ያኔ ያየሁት እናቴ ሱቅ ውስጥ ቆማ እያንዳንዱን ጥቁር ጨርቅ አፏ ላይ አድርጋ ስትነፋ ነው። እኔን ከጨርቁ ማዶ ታቆመኛለች። ትንፋሿ ደርሶ ሽፋሽፍቴን ካላነቃነቀው «ይሄ አይሆንም፣ ሌላ» ትላለች።

«እሜቴ፣ ጨርቅ ነው፤ ሾርባ አደረጉት እንዴ የሚነፉት!» አለ ባለሱቁ።

«ትንፋሽ የማይከለክል ነው የምፈልገው።»

«የሚለብሰው ሰው አስም አለበት?»

«አዎ፣ አራቱም አለባቸው» አለች እናቴ፤ ሁለቱም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ይህ ሰው መቼም አይረሳንም፣ ፖሊስ ቢጠይቀው «አዎ፣ የምትነፋዋ ሴትዮና ሽፋሽፍት የምታርገበግበው ልጅ» ይላል ብዬ አንገቴን ቀበርኩ። በዘጠነኛው ጨርቅ ሽፋሽፍቴ ተርገበገበ።

የማልበሱ ሥራ የአጎቴ ነበር። «ሣጥን ማለት እግር የሌለው ትልቅ ጫማ ነው» ይላል። ማስቲሹን በሌዘሩም በእንጨቱም ቀብቶ በጣቱ ጀርባ እየነካ ይጠብቃል፤ ሳይጣበቅበት ሲቀር ነው የሚያለብሰው። ከመሃል ወደ ዳር እየዳበሰ አየሩን ያስወጣል፤ ማዕዘኑ ላይ ሲደርስ ትንፋሹን ይዞ አንዲት ቁራጭ በሰያፍ ይቆርጥና ሁለቱን ጠርዝ እንዲህ ያገናኛቸዋል፣ ስፌቱን ፈልጎ የሚያገኝ የለም። ከአሮጌ ትሪ ስምንት ስምንት የማዕዘን ብረት ቀርጾ መታባቸው፤ ከጎማ ደግሞ እግር ሠራላቸው፣ መሬት ሲነኩ እንዳይላጡ። ሐሙስ ዕለት አራቱም ተደርድረው ቆሙ። ጥቁር፣ ጥብቅ፣ ጫፋቸው የሚያብረቀርቅ። ውዳቂዎቹ ሣጥኖች እንደ ሙሽራ ሚዜ ሆነው ቁጭ!

አጎቴ ወደ ኋላ ተራምዶ «አባዬ ይህን ባዩ!» አለ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ፊቱን አዞረ። እናቴም እንዳላየችው ሆነች።

ዓርብ እናቴ ከሸራ አራት ትልልቅ ልባስ ሰፋችላቸው፣ ውስጡ ለስላሳ እንዲሆን ብርድ ልብስ ተገብሮበት። የኔን ብርድ ልብስ ነው የቀደደችው። «ከእንግዲህ መንገድ ላይ ማንም አያያቸውም፣ ምንም አይነካቸውም» አለች፣ መርፌውን በጥርሷ ይዛ። ሠርቆ መደበቅ ይኸው ነው አልኩ በልቤ። ዛሬ የልጅ ልጄ ሙዚቃ ማጫወቻው ላይ ብርጭቆ ሲያስቀምጥ ካየሁ ነፍሴ አትተርፍም፣ ሮጬ አነሳለሁ፤ ልጆቼ «ምን ሆነሽ ነው እማዬ፣ ዕቃ ነው እኮ» ይሉኛል። ብርድ ልብሷን ለዕቃ ያልሰጠች አታውቀውም።

ቅዳሜ ማታ እራት ስንበላ ሣጥኖቹን የት እንደምንወስዳቸው ሰማሁ። ወደ አዳራሹ! የሰረቁትን ዕቃ ወደ ሰረቁበት ቤት! ጉርሻዬን መልሼ ሳህኑ ላይ አኖርኩት።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አያቴ ሲሞቱ እናቴ ሥራቸውን ጠየቀች፤ ከሥራቸው ሳትለይ ያደገች ናት፣ ድምፅ መቆጣጠር ከማንም በላይ ትችላለች። የአዳራሹ ሥራ አስኪያጅ ግን ሰው ሁሉ «ከራባት» እያለ የሚያማው፣ አንገቱን ሳያስር ደጅ የማይወጣ ሰው ነበር። ሣጥኖቹን አየና «እነዚህ ጉዶች እኔ እያለሁ ሁለተኛ መድረኬ ላይ አይወጡም። ድምፃቸውም እንደ መልካቸው የተቀደደ ነው። ያባትሽ ናቸው፣ ውሰጂልኝ» አላት። ፈርሞም ሰጣት። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባላል፤ የሱ ደግሞ ጆሮው በዓይኑ በኩል ነበር የሚሰማው። ለትምህርት ቤቶች የመዝሙር ቀን ግን የድምፅ ዕቃ ቸገረውና፣ ደህና ዕቃ ይዞ መጥቶ ያሰማ ሰው የአዳራሹ ቋሚ ሠራተኛ ይሆናል አለ። እናቴ «አዲስ ልብስ የለበሱ አራት ሣጥኖች አሉኝ» ብላ ስሟን አስመዘገበች። ሐሰት አልተናገረችም።

እሑድ። አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። በመድረኩ ጎን የደንብ ልብስ የለበሱ ልጆች ተሰልፈው ይገፋፋሉ። እናቴና አጎቴ ልባሶቹን ሲያወልቁ ከፊት ወንበር «ኧረ ሲያምሩ!» የሚል ተሰማ። ሣጥኖቹ ሁለት በዚህ ሁለት በዚያ ቆሙ። አራተኛው ግን መድረኩ ጠበበና ጀርባው ወደ መተላለፊያው ዞረ። ከላይኛው መስኮት በሰያፍ የገባው ፀሐይ ሌዘሩ ላይ ሲያርፍ አየሁት። ሠላሳ አራት። ቆዳው ሥር ጎድጉዶ እንደ ጠባሳ ይታያል።

እናቴ ገመድ እየቀጠለች ነው፤ አላየችም። ሄጄ ጀርባዬን ለጠፍኩበትና ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

ከራባት መጣ። ከኋላው የአዳራሹ ዘበኛ ቆብ አድርጎ፣ ቆመጥ ይዞ ይከተለዋል። ለኔ ዘበኛ አልነበረም፤ ፖሊስ ነው።

«ዕቃ ማለት ይሄ ነው!» አለ ከራባት፣ መዳፉን የመጀመሪያው ሣጥን ላይ እያሸ። «እነዚያን ጉዶች የት ጣልሻቸው?»

«ገፈፍኳቸው ጌታዬ» አለች እናቴ።

እንደ ቀልድ ሳቀ። ማይክራፎኑን ተቀብሎ ወደ ሕዝቡ ዞረ። «እንደምን ዋላችሁ!» ድምፁ ጠርቶ፣ ሞልቶ፣ ግድግዳውን ዞሮ ተመለሰ። ራሱ ደነገጠ። «ሰማችሁ? ሰማችሁልኝ? የድሮዎቹ እንዲህ ነበሩ? እነዚያ እኮ ጉንፋን የያዘው ሰው ነው የሚመስሉት! ይኸው አዲስ ዕቃ፣ አዲስ ድምፅ!» ሕዝቡ አጨበጨበ። አጎቴ ሳል እንደያዘው ሰው አፉን አፈነ።

ከራባት ማይክራፎኑን እንደያዘ ሣጥኖቹን እየዞረ ማየት ጀመረ። «የት አገር ሥራ ይሆን? ከኋላው ይጻፍበታል መቼም» እያለ አራተኛው ጋ ደረሰ። ጫማው ጫማዬን ሊነካ ምንም አልቀረውም።

«ልጄ፣ እስቲ ተነሺ።»

«አልነሳም።»

«ለምን?»

«ደክሞኛል።»

«እዚያ ወንበር አለልሽ፣ ነይ።» ሊያነሳኝ ጎንበስ አለ፤ ማይክራፎኑ አፌ አጠገብ መጣ። ከትከሻው በላይ ዘበኛው ቆመጡን ይዞ ያየኛል። ያኔ ሳምንቱን ሙሉ ያፈንኩት ሁሉ ፈነዳ።

«እናቴን እንዳትወስዷት!» ብዬ አለቀስኩ። «ቁጥሩን የፈቅሁት እኔ ነኝ! ሣጥኖቹ የናንተው የድሮዎቹ ናቸው፣ ቆዳቸውን ብቻ ነው የቀየርንላቸው! እሷን ተዉአት፣ እኔን እሰሩኝ!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። የኔ ቃል አፋፍ ብቻ አልወጣም፤ በአራቱም ሣጥኖች ወጣ። የገዛ ልቅሶዬን ከግራም ከቀኝም፣ ተልቆ ተልቆ ሰማሁት። አፍንጫዬን ስስብ እንኳ አዳራሹ ሁሉ ሰማ።  

ከወዲያኛው ጥግ፣ ከመጨረሻው ወንበር፣ አንዲት አሮጊት ተነስተው እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ጮኹ።

«እዚህ ድረስ ይሰማል ልጄ! አንዲት ቃል አልጠፋችም!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

ከራባት ፊቱ በርበሬ መሰለ። እኔን በቀስታ ወደ ጎን አድርጎ ጎንበስ አለና ጣቱን ሌዘሩ ላይ አስኬደ። ሦስት። አራት። የሣጥኑን ቁመት ከላይ እስከ ታች አየ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ይመስለኛል። እናቴ ሮጣ መጥታ በአንድ እጇ እኔን ወደ ቀሚሷ ስባ በሌላው ከደረቷ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣች።

«ጌታዬ፣ ፈርመው የሰጡኝ ናቸው» አለች። ወረቀቱን በእጁ አስያዘችው። «ያኔም ድምፃቸው ይኸው ነበር። የተቀደደው ልብሳቸው ነው፤ ልብሳቸውን ሰፋንላቸው።»

ማይክራፎኑ አሁንም ክፍት ነው። ይህም እስከ መጨረሻው ወንበር ደረሰ። አንድ መምህር መጀመሪያ አጨበጨቡ፤ ከዚያ ልጆቹ፤ ከዚያ እግር የሚመታው፣ የሚያፏጨው፣ ሁሉም። ከራባት ወረቀቱን ገልጦ የገዛ ፊርማውን አየ። ሊቆጣ ይችል ነበር። ኋላ ሲያስታውሰው «ሁለት መንገድ ነበረኝ፣ ወይ ከልጅቷ ጋር መሳቅ ወይ ሕዝቡ እንዲስቅብኝ መተው» ይል ነበር። ከራባቱን ላላ አደረገ። ማይክራፎኑን ወደ አፉ አስጠጋ።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው አሉ» አለ። «የኔ ጆሮ ዛሬ ገና ተዋወቀኝ።» ከዚያ ማይክራፎኑን በሁለት እጁ ለእናቴ ሰጣት፤ ሕፃን እንደሚያቀብል ሰው። «እንኪ። የአባትሽ ቦታ ያንቺ ነው። በይ ልጆቹ ይዘምሩ!»

ሌባ አለመሆኗን እንኳ ገና በቅጡ አልገባኝም ነበር። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስረዳኝም፤ አጎቴ ብቻ ብድግ አድርጎ ትከሻው ላይ አስቀምጦኝ «አንቺ ትንኝ፣ ምስክር ማጥፋቱ ላይ ጎበዝ ነሽ፣ ምስጢር መሸከሙ ነው ያቃተሽ» አለኝ። ከዚያ ከፍታ ላይ ሆኜ እናቴን አየኋት። ጣቶቿ መቆጣጠሪያው ላይ፣ ዓይኗ ተከድኖ፣ ስልሳ ልጆች በአንድ አፍ ሲዘምሩ ቀጥ ብላ ቆማለች። ድምፁ ከሣጥኖቹ ሲወጣ አዲሱ ጥቁር ጨርቅ ይርገበገብ ነበር።

ሰኞ ጠዋት በመስኮቱ ሥር ፀጉሬን ስትሠራኝ የፋብሪካው አውቶቡስ መጣና በራችን ላይ ቆመ። ጥሩምባውን ነፋ። ሁለተኛ ነፋ። አንገቴን ላዞር ስል «ቀጥ በይ፣ መስመሩ ይጣመማል» አለችና ጉንጉኑን ጨረሰች፤ ጫፉን አሰረች፤ ቋጠሮውን ሁለቴ ሳበችው። ከዚያ ማበጠሪያውን እንደያዘች ደጃፉ ላይ ወጣች።

«ምን ትጠብቃለህ?» አለችው ሹፌሩን። «ሂድ! እኔ እዚሁ ሥራ አለኝ!»

ያለ ማይክራፎን ነው የተናገረችው። የጎረቤት መስኮት ሁሉ ተከፈተ።